አገልጋይ ሆኖ የኖረ ዕቃ፦ ከኪስ ኮምፒዩተር ባለቤቶች እርካታና ምሬት የምንማረው



ዛሬ የምጽፍላችሁ ብዙዎች ስለ ረሱት አንድ ዕቃ ነው። በሸሚዝ ኪስ የሚገባ ትንሽ ኮምፒዩተር ነበር፤ ስሙም ፓልም ፓይለት ይባል ነበር። በዕድሜ ከፍ ያላችሁ፣ በተለይም በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የኖራችሁ፣ ታስታውሱት ይሆናል። ወጣቶቹ ግን ስሙንም አልሰማችሁት ይሆናል። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

«ፓስተር፣ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ምን ይጠቅመናል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የሚጠቅመን ነገር አለ። ይህ ዕቃ ጉድለቱ ብዙ ነበር፤ ባለቤቶቹም ስለ ጉድለቱ ያማርሩ ነበር። ሆኖም ወደውታል። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ከእርሱ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ስለ ስልኩ ሲያወራ ፊቱ የሚበራ ሰው ማግኘት እየከበደ መጥቷል። ጉድለት የበዛበት ዕቃ እንዴት ሰውን አረካ? ሁሉ የተሟላለትስ እንዴት ሰውን አሰለቸ?

የእኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። የፓልም ፓይለት ባለቤት በእርግጥ ባለቤት ነበረ። ምሬቱም አንድ ጌታ ስለ ሠራተኛው ዘገምተኝነት የሚያሰማው ዓይነት ምሬት ነበር። የእኛ ምሬት ግን መልኩን ለውጧል፤ ሠራተኛው ስለ ጌታው ክብደት የሚያሰማው ምሬት ሆኗል። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ታሪኩን ይዤ ላሳያችሁ።

ከእጅ አይሻል ዶማ

ከፓልም ፓይለት በፊት ሌሎች ሞክረው ነበር። አፕል ኩባንያ በነሐሴ 1993 ኒውተን የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ባለቤቱ በገዛ እጅ ጽሕፈቱ ሲጽፍበት መሣሪያው አንብቦ ይረዳዋል ተባለ። ችግሩ የመጣው እዚያው ላይ ነው። የመጀመሪያው ኒውተን የሰውን ጽሕፈት ደጋግሞ ያሳስት ነበር። አንድ ቃል ሲጻፍለት ፈጽሞ ሌላ ቃል ያወጣል። ነገሩ የጋዜጣና የቴሌቪዥን ካርቱኖች መሳለቂያ እስከ መሆን ደረሰ። ደግሞም ስሙ የኪስ ነው ቢባልም የሚገባበት ኪስ አልነበረም። በ1998 አፕል ሥራውን አቆመው።

በዚያው በ1993 ፓልም የተባለው ትንሽ ኩባንያ ከካሲዮና ከታንዲ ጋር ሆኖ ዙመር የተባለ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። እርሱም ዘገምተኛ ነበር፤ አልተሸጠም። የአገራችን ሰው ለእንዲህ ያለው ነገር አባባል አለው፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ይላል። በእጅህ ቶሎ የምትሠራውን ሥራ መሣሪያው ካዘገየብህ መሣሪያው ምን ሊረባህ?

ልብ በሉ፣ የፓልም ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ዙመርን የገዙትን ሰዎች ጠየቁ። የተረዱትም ነገር ሁለት ነበር። ገዢዎቹ ጠረጴዛቸው ላይ ኮምፒዩተር አላቸው፤ ሁለተኛ ኮምፒዩተር በኪሳቸው አይፈልጉም። የሚፈልጉት ያ ኮምፒዩተር የያዘውን ቀጠሮና ስልክ ቁጥር ይዘው መውጣት ነው። ሁለተኛው፣ የመሣሪያው ተፎካካሪ ሌላ ኮምፒዩተር አይደለም፤ ወረቀት ነው። ከማስታወሻ ደብተር ካልፈጠነ ሰው ወደ ደብተሩ ይመለሳል።

ብዙ የሥራ መሪ ሕዝቡ ምን እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው እርሱ ብቻ ይመስለዋል። በአገልግሎትም ዘንድ ይህ አለ። እነዚህ ሰዎች ግን ከከሰሩ በኋላ ጆሯቸውን ለባለቤቶቹ ሰጡ። የኋላው እርካታ ከዚህ ጀመረ።

እንጨት በኪሱ ይዞ የዞረው ሰው

የፓልም መሥራች ጄፍ ሃውኪንስ ይባላል። አዲሱን መሣሪያ ከማሠራቱ በፊት በሸሚዝ ኪስ ልክ እንጨት ቆርጦ አዘጋጀ። ያንን እንጨት በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ሰው ቀጠሮ ሲጠይቀው እንጨቱን አውጥቶ፣ ቻይናውያን በሚመገቡበት ዓይነት ቀጭን ዘንግ እየነካካ የሚጽፍ ይመስል ነበር። ያዩት ሰዎች ምን እንዳሉ መገመት አያስቸግርም! እርሱ ግን እየፈተነ ነበር። ይከብዳል? ኪስ ውስጥ ያስቸግራል? በቀን ስንት ጊዜ አወጣዋለሁ? ስንት ጊዜስ በእርግጥ ያስፈልገኛል? ያ እንጨት ዛሬ በካሊፎርኒያ በኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ከዚህ ሙከራ አራት መለኪያዎች ወጡ። መሣሪያው በሸሚዝ ኪስ ይግባ። ዋጋው ከ300 ዶላር አይለፍ። ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር ጋር በአንድ ቁልፍ ይገናኝ። እንደ ወረቀት ፈጣን ይሁን። ከእነዚህ ውጭ ያለውን ነገር መሐንዲሶቹ ተዉት። በመጋቢት 1996 ፓይለት 1000 በ299 ዶላር፣ ፓይለት 5000 ደግሞ በ369 ዶላር ወጡ። የመጀመሪያው 128 ኪሎባይት፣ ሁለተኛው 512 ኪሎባይት መያዝ ይችሉ ነበር። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ድምር ይበልጣል። በ18 ወራት ገደማ ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ባለቤቶቹን ያረካቸው ምን ነበር?

የመጀመሪያው ፍጥነቱ ነው። መሣሪያው ሲከፈት አያስጠብቅም። ከታች አራት ቁልፎች ነበሩት፤ አንዱ ለቀጠሮ፣ አንዱ ለስልክ ቁጥርና አድራሻ፣ አንዱ ለሚሠራ ሥራ ዝርዝር፣ አንዱ ለማስታወሻ። መሣሪያው ጠፍቶ እንኳ አንዱን ቁልፍ ብትጫኑ በቀጥታ እዚያው ይከፈት ነበር። ባለቤቱ ቀጠሮውን ያያል፤ ይዘጋል፤ ወደ ኪሱ ይመልሳል። አበቃ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ዝም ይላል። ራሱ ባለቤቱ ለቀጠሮ ደወል ካላዘዘው በቀር ድምፁን አያሰማም።

ሁለተኛው የባትሪው ነገር ነው። ከማንኛውም ሱቅ በሚገኙ ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ለሳምንታት ይሠራ ነበር። ማታ ማታ ሶኬት መፈለግ አልነበረም።

ሦስተኛው መሣሪያው የሚቀመጥበት ማቀፊያ ነው። ማቀፊያው በገመድ ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል፤ አንዲት ቁልፍ አለችው። ያቺን ቁልፍ ሲጫኗት ኪስ ውስጥ የተጻፈው ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ የተጻፈውም ወደ ኪሱ ይገለበጣል። ሆትሲንክ ይሉት ነበር። መሣሪያው ቢጠፋ ወይም ቢሰበር አዲስ ተገዝቶ፣ ቁልፏ ተጭና፣ ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች እንደሚባለው፣ ቅጂውን ኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀመጠ ባለቤት እንቅልፍ ነበረው።

አራተኛው በ1998 ከፓልም ሦስት ጋር የመጣው ነው። ሁለት ባለቤቶች መሣሪያዎቻቸውን ፊት ለፊት ሲያደርጉ በማይታይ ብርሃን አድራሻ መለዋወጥ ቻሉ። ይህ ነገር የሚሆነው ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ሲቆሙ ብቻ ነበር። ዛሬ ሳስበው ይህ በራሱ አንድ በረከት ይመስለኛል።

ምንስ አስመረራቸው?

እውነቱን ለመናገር ምሬቱም ቀላል አልነበረም።

አንደኛ፣ መሣሪያው የሰውን ጽሕፈት አያነብም ነበር። ከኒውተን ውድቀት በመማር የፓልም ሰዎች ነገሩን ገለበጡት፤ መሣሪያው የሰውን ጽሕፈት ከሚማር ሰው የመሣሪያውን ፊደል ይማር አሉ። ግራፊቲ የተባለው ይህ አጻጻፍ እያንዳንዱን የላቲን ፊደል ማለት ይቻላል ብዕር ሳይነሣ በአንድ ጭረት ያስጽፋል። ለምሳሌ የመጀመሪያዋ ፊደል መካከለኛዋ መስመር ቀርታ እንደ ጎጆ ጣሪያ ብቻ ትጻፋለች። አንዳንዱ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ለመደው። አንዳንዱ ግን «በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ልቁጠር?» ብሎ ተወው።

ሁለተኛ፣ ትዝታው በባትሪ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ባትሪው ፈጽሞ ካለቀ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ባትሪ ሲቀየር ትዝታውን የሚይዘው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ባለቤቱ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ፍለጋ መሳቢያ ሲያገላብጥ ከዘገየ የዓመት ሥራ ሊሄድ ይችላል። ሆትሲንክ ያደረገ ይድናል፤ ያላደረገ ያዝናል። ባትሪ ቢያልቅም የማይረሳ ትዝታ በፓልም ዕቃዎች ላይ የመጣው በ2004 ነው።

ሦስተኛ፣ በየቀኑ የሚገጥሙ ጥቃቅን ጣጣዎች ነበሩ። ቀጭኗ መጻፊያ ትጠፋለች። የመጻፊያው ቦታ በጭረት ይጎዳል። የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች መብራት ስላልነበራቸው በጨለማ አይነበቡም፤ መብራት የተጨመረው በ1997 ነው። አዲስ ሞዴል ሲወጣ ማገናኛው ስለሚቀየር የድሮው ማቀፊያ ለአዲሱ ዕቃ አይሆንም። በ1999 የወጣው ፓልም አምስት እጅግ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ባትሪው በውስጡ የታሸገ ስለ ነበረ ሲደክም ባለቤቱ በቀላሉ ሊቀይረው አልቻለም።

አራተኛ፣ በ2003 አጻጻፉ ራሱ ተለወጠ። ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ «የአጻጻፉ መብት የእኔ ነው» ብሎ በ1997 ክስ መሥርቶ ነበር። ከዓመታት ክርክር በኋላ ፓልም ግራፊቲ ሁለት የተባለውን ሌላ አጻጻፍ አመጣ። አንዳንዶቹ ፊደላት አሁን ሁለት ጭረት ጠየቁ። ለዓመታት እጃቸው የለመደው ሰዎች ምን ተሰምቷቸው ይሆን? ያልጠየቁት ለውጥ በገዛ እጃቸው ላይ መጣባቸው።

እነዚህን ምሬቶች መለስ ብላችሁ ተመልከቱ። ሁሉም «ይህ ዕቃ የምፈልገውን በሚገባ አያደርግልኝም» የሚሉ ናቸው። ጊዜዬን በላው፣ እንቅልፌን ነሣኝ፣ ከቤተሰቤ ለየኝ የሚል ምሬት የተለመደ አልነበረም። ዕቃው ያንን ማድረግ የሚችልበት አቅም አልነበረውም።

መጽሐፍ ቅዱስ በሸሚዝ ኪስ

ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ከዚህ ዕቃ ወዳጆች መካከል የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነበሩበት። ኦሊቭ ትሪና ላሪዲያን የተባሉ አዘጋጆች መጽሐፍ ቅዱስን በፓልም የሚነበብ አድርገው አቀረቡ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የታወቀው የእንግሊዝኛው የኪንግ ጄምስ ትርጉም ጽሑፉ ብቻ ከ4 ሜጋባይት በላይ ነው። በ1997 የወጣው የተሻለው ፓልም ፓይለት ግን የሚይዘው 1 ሜጋባይት ነበር። ስለዚህ ጽሑፉን ጨምቀው ማሳነስ፣ ከዚያም የቀጠሮና የስልክ ቁጥር ቦታ መቀነስ ግድ ነበር።

ይህ ጥበት አንድ ነገር ያስገድድ ነበር፤ ባለቤቱ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚተው ይመርጣል። ኪሱ ውስጥ ያለው ሁሉ አስቦበት ያስገባው ነው። አረንጓዴ በሚመስል ግራጫ መስኮት ላይ ጥቂት መስመሮችን ብቻ እያየ ያነብባል፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥሉት ይወርዳል። በንባቡ መካከል የማንም መልእክት ብቅ አይልበትም። የመሣሪያው ድህነት ለአንባቢው ጸጥታ ሆኖለት ነበር።

ለእኛ ቋንቋ ግን ዲዳ ነበር

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ነገሩ የድሮውን ማሞገስ ብቻ ከሆነ እውነቱ ይጎድላል።

ፓልም ፓይለት ከፋብሪካ ሲወጣ የግዕዝን ፊደል አያውቅም ነበር። ሀ ሁ ሂ ብሎ የቆጠረ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ግራፊቲ ለ26 የላቲን ፊደላት የተሰፋ ልብስ ነው። የእኛ ገበታ ግን 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን ወይም በሎስ አንጀለስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ፓልም ቢገዛ የእናቱን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ነበረበት። ያ ባለቤቶቹን ሁሉ ያረካ ዕቃ እኛን አያውቀንም ነበር።

ዛሬስ? ስልኩ አማርኛ ይጽፋል፤ ያነብባል። መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ በነፃ ይገኝበታል፤ በድምፅ የተቀዳውም አለ። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን መጽሐፍ ይዛ የምትቀመጥበት ሰዓት ባይኖራት በወጥ ቤት ሳለች ቃሉን በቋንቋዋ ልትሰማ ትችላለች። የታመመች እናቷን ፊት ልታይ ትችላለች። ይህን ማቃለል ምስጋና ቢስነት ነው። ስለዚህ «ስልካችሁን ጣሉ» የሚል ስብከት ከእኔ አትጠብቁ።

ታዲያ ምን ተለወጠ?

የፓልም ፍጻሜ ይታወቃል። ሃውኪንስና ባልደረባው ዶና ዱቢንስኪ በ1998 ወጥተው ሃንድስፕሪንግ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ፤ በ2002 ትሬዎ የተባለውን የኪስ ኮምፒዩተርና ስልክ በአንድ ላይ አወጡ። በ2003 ሁለቱ ኩባንያዎች ተዋሐዱ። በ2007 አይፎን መጣ። በ2010 ሂውሌት ፓካርድ ፓልምን በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2011 ዕቃዎቹን መሥራት አቆመ።

ብዙዎች የተለወጠው የመሣሪያው አቅም ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን እኔ ከዚያ የሚበልጥ ለውጥ አያለሁ። የተለወጠው ከፋዩ ነው።

ፓይለት 1000 የገዛ ሰው 299 ዶላር ከፈለ፤ ሻጩም ገንዘቡን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ዕቃውን በቀን ሦስት ደቂቃ ቢጠቀምበት ወይም ሦስት ሰዓት ለፓልም አንድ ነው። እንዲያውም ቶሎ አይቶ ቶሎ ቢዘጋው ደስ ይለዋል፤ ሌላ ገዢ ይዞ ይመጣልና። የሻጩ ጥቅምና የባለቤቱ ዕረፍት አልተጣሉም ነበር።

ዛሬ በስልካችን ላይ ያሉት ብዙዎቹ አገልግሎቶች ነፃ ናቸው እንላለን። ገቢያቸው ግን ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ዓይን ይፈልጋል። ብዙ በቆየን መጠን ብዙ ይከፈላቸዋል። ስለዚህ ቶሎ ዘግተን ወደ ሥራችን ብንመለስ ለእነርሱ ኪሳራ ነው። የሚያልቅበት የሌለው ገጽ፣ ሳይነኩት የሚቀጥለው ቪዲዮ፣ ቀይ ነጥብ ያለባት ምልክት የመጡት በድንገት አይደለም። ዕቃውን የገዛነው እኛ ነን፤ በዕቃው ላይ የሚሠራው ግን ለሌላ ጌታ ነው። አንድ አገልጋይ ለሁለት ጌቶች ሲያድር ምን እንደሚሆን ለዚህ ብሎግ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ወገኖቼ፣ በመጋቢነት ሥራ ሰዎች ስለ ስልካቸው ሲናገሩ እሰማለሁ። «ስልኬ ጎበዝ አይደለም» የሚል ሰው የለም። የምሰማው ሌላ ነው። «ልተኛ ብዬ ይዤው ሌሊቱ ሄደ።» «ልጄ ሲያናግረኝ አልሰማሁትም።» «ልጸልይ ከፍቼው ሳልጸልይ ዘጋሁት።» እንዲህ የሚሉት ሰነፎች አይደሉም። ትጉ ሠራተኞች፣ ታማኝ ባለትዳሮች፣ መዘምራን፣ ሽማግሌዎች ናቸው። የፓልም ባለቤት ባትሪ በመለወጥ አንድ ደቂቃ ቢዘገይ የዓመት ቀጠሮ ይጠፋበት ነበር። እኛ ደግሞ ባትሪው ሳያልቅ ዓመቱ ራሱ እየጠፋብን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚያ የእንጨት ቁራጭና ከዚያ ግራጫ መስኮት የምወስዳቸው አራት ምክሮች አሉኝ።

የመጀመሪያው፣ የእንጨቱን ፈተና ውሰዱ። ሃውኪንስ ዕቃው ሳይሠራ «ስንት ጊዜ በእርግጥ ያስፈልገኛል?» ብሎ ጠየቀ። እናንተም ለአንድ ሳምንት ስልኩን ባወጣችሁ ቁጥር «ምን ልሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላችሁ ሥሩ፤ ከዚያ ወደ ኪስ መልሱት። መልስ ከሌላችሁ ያወጣችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ እርሱ ነው የጠራችሁ።

ሁለተኛው፣ የአራቱን ቁልፎች ሥርዓት ያዙ። የስልካችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እናንተ ሥራ የምትሠሩባቸው ነገሮች ብቻ ይቀመጡ፤ ቀጠሮ፣ ስልክ፣ ማስታወሻ፣ መጽሐፍ ቅዱስ። ሌላው ወደ ኋላ ገጽ ይሂድ፤ ድምፁና ቀይ ነጥቡም ይጥፋ። የሰው ጥሪ ይግባ፤ የማስታወቂያ ጥሪ ግን ደጅ ይቅር። ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በስልክ ስታነቡም ዳታውን ዝጉት፤ ያን የድሮውን ጸጥታ በነፃ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው፣ ሆትሲንክን አትርሱ። ዋጋ ያለው ነገር በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። የወላጆቻችሁን ስልክ ቁጥር፣ የልጆቻችሁን ፎቶግራፍ፣ የአገልግሎት ማስታወሻችሁን በሌላም ስፍራ አኑሩ፤ ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃሉን በልባችሁ አኑሩት። በፍለጋ ቶሎ ስለምናገኘው በቃል መያዝ የቀረ ይመስላል። ነገር ግን በሆስፒታል አልጋ፣ በእስር ቤት፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት የሚገኘው በልብ የተቀመጠው ነው።

አራተኛው ለወላጆችና ለሽማግሌዎች ነው። ወጣቶቹን በስድብ አትምጡባቸው። «የእናንተ ትውልድ» እያልን ከመውቀስ ነገሩን እናስረዳቸው፤ ከፋዩ ማን እንደ ሆነ እንንገራቸው። ወጣት ሰው መታለሉን ሲያውቅ ይቆጣል፤ ቁጣውም ለበጎ ነው። ደግሞም ራሳችን እናሳያቸው። በገበታ ላይ ስልካችንን ገልብጠን እያየን «ልጆች ስልክ አታብዙ» ብንል ማን ይሰማናል? በሽተኛ ልንጠይቅ በሄድንበት ቤትም ስልኩ ከኪስ አይውጣ። የታመመ ሰው ከእኛ የሚፈልገው ዓይናችንን ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል

አንዳንዱ አንባቢ እንዲህ ይለኛል፦ «ፓስተር፣ ያን ጊዜ ሰዎቹ የረኩት የተሻለ ነገር ስላላዩ ነው፤ ዛሬ ያንን ዕቃ ብትሰጠን በአንድ ቀን እንጥለዋለን።» አልከራከርም። እኔም ለልጄ ስልኩን በፓልም ፓይለት ለውጥ አልለውም። ጥያቄው ግን ስለ ዕቃው ዘመናዊነት አይደለም። ሰው የሚረካው ዕቃው ብዙ ስለሚችል ነው ወይስ ዕቃው ለምን እንደ ተገዛ ስለሚያውቅ?

ሐዋርያው ጳውሎስ ይበቃኛል ማለትን እንደ ተማረው ነገር አድርጎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ጽፎላቸዋል። ልብ በሉ፣ የሚማሩት ነገር ነው። ከሱቅ አይገዛም፤ በአዲስ ሞዴልም ተጨምሮ አይመጣም። የፓልም ባለቤት ልኩን የማወቅ ትምህርት በዕቃው ጥበት ተገድዶ ተማረ። እኛ ግን በኪሳችን ወሰን የሌለው ዕቃ ስላለ ወሰኑን ራሳችን ማበጀት አለብን። ይህ ከእነርሱ ይልቅ ይከብደናል፤ ግን ይቻላል። ያንን ወሰን በቤቱ ያበጀ ሰው በአማርኛ የሚጽፍ፣ በአማርኛ የሚያነብ፣ ደግሞም ሲታዘዝ ዝም የሚል ዕቃ ይኖረዋል። ያ ደግሞ ከ1996ቱ የሚበልጥ እርካታ ነው።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ስልካችሁን ከመኝታ ክፍላችሁ አውጥታችሁ በሌላ ክፍል አሳድሩት። ለማንቂያ የሚሆን የጠረጴዛ ሰዓት በጥቂት ብር ይገኛል። ነገ ጠዋት ዓይናችሁን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታናግሩት ማን እንደሚሆን እናንተ ትመርጣላችሁ።

ጌታ ዘመናችሁን ይባርክ።